አባዬ ያጠበው ስፖንጅ

«ማደንዘዣ እየሞተ ነው፣ የትም ብትሆን ቶሎ ና!» አለችኝ ቀጣይ በስልክ። ሰኞ ጠዋት ነው፣ ጥርሴን እንኳን አልቦረሽኩም።

«ሌሎቹስ?»

«ሌሎቹም ያው ናቸው። ሁሉም ወደ ውሃው ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፣ ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ኧረ ባክህ ቶሎ በል፣ በሽተኛው ሁሉ አሳውን ትቶ እኔን እያየኝ ነው!»

ጫማዬን ደረጃ ላይ እያሰርኩ ወጣሁ። እስክደርስ ድረስ ሰዎቹን ላስተዋውቃችሁ። ማደንዘዣ አሳ ነው። ትልቅ፣ ብርቱካንማ፣ ጅራቱ እንደ መጋረጃ የሚወዛወዝ አሳ። እህቴ የጥርስ ሐኪም ናት፣ ክሊኒኩን ስትከፍት «ሰው ድሪሉን ሰምቶ እንዳይሮጥብኝ የሚያየው ነገር አምጣልኝ» አለችኝ። የኔ ሥራ ደግሞ አኳሪየም መሥራትና መንከባከብ ስለሆነ፣ የእንግዳ ማረፊያውን ግድግዳ ግማሽ የሚይዝ፣ ባለ ሦስት መቶ ሊትር አስገባሁላት፣ ዘጠኝ አሳ ጨምሬ። በቃ፣ ሰውዬው ጉንጩን ይዞ እያቃሰተ ይገባል፣ ያ ትልቁ አሳ መስታወቱ ጋ መጥቶ ያየዋል፣ እሱም ያየዋል፣ እንዲህ ሲተያዩ ተራው ይደርሳል። «ከኔ መርፌ የሱ ይሻላል» ብላ ማደንዘዣ ያለችው እህቴ ናት። ቀጣይ ደግሞ ካርድ የምታወጣው ልጅ ናት። ቀኑን ሙሉ «ቀጣይ!» እያለች ስትጣራ ስለምትውል የራሷ ስም ጠፍቶ እሱ ቀረ። ባሏ ሳይቀር እንደዛ ነው የሚላት።

ስገባ አባዬ አኳሪየሙ አጠገብ፣ ክራቫቱን አስሮ፣ እጅጌውን ጠቅልሎ ቆሟል።

«መጣህ?» አለኝ። ፊቱ ላይ ድንጋጤም አለ፣ ኩራትም አለ። «እንኳን ቅዳሜ ደረስኩላቸው! እኔ ባልደርስ ኖሮ ዛሬ አንድም አሳ አታገኝም ነበር።»

«ምን አረግክ አባዬ?»

«ምን ያላረግኩት አለ! ሰኞ ማጣሪያውን ማጠብ አለብኝ ስትል ሰምቼህ ነበር። ልጁ ስንቱን ይሮጣል ብዬ እኔ አጠብኩልህ። ድንጋዩን አንድ በአንድ በብሩሽ ፈተግኩት። መስታወቱንም። ያንን ስፖንጅ ተብዬማ… ልጄ፣ ልንገርህና፣ አፈርኩብህ። ጭቃ እኮ ነው! በጭቃ ነው እንዴ ውሃ የምታጣራው? በረኪና ውስጥ ዘፈዘፍኩት።»

«በረኪና!»

«በልኩ ነው ታዲያ! ሦስት ጊዜ አለቅልቄዋለሁ፣ አሽትቼዋለሁ፣ ምንም የለውም። ውሃውንም ክሎሪኑ እንዲተን ከሐሙስ ጀምሮ በበርሜል አሳድሬዋለሁ። አሳ ክሎሪን እንደማይወድ የማላውቅ መሰለህ? ለኔ?»

ለሱማ ማን ይነግረዋል! አባዬ ሠላሳ አራት ዓመት የከተማው ውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ውስጥ ነው የሠራው። ክሎሪን ለክቶ የሚጨምረው እሱ ነበር፣ የሥራ ጓደኞቹ «ጋሽ ክሎሪን» ነበር የሚሉት። ጠዋት ጠዋት በብርጭቆ ውሃ ይቀዳና ወደ ብርሃን አንስቶ ያየዋል፣ ከዚያ መዝገቡ ላይ አንድ ቃል ይጽፋል፤ «ጠርቷል»። ጡረታ ከወጣ ስምንት ወሩ ነው። ስምንት ወር ሙሉ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነስቶ፣ ታጥቦ፣ ክራቫት አስሮ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። በቃ ይቀመጣል። «አባዬ ወዴት ነው?» ስንለው «የትም» ይላል። እህቴ አላስችላት ብሎ ክሊኒክ ይዛው መምጣት ጀመረች፣ አኳሪየሙ አጠገብ ወንበር ሰጠችው።

ውሃውን አየሁት። እንደዛ የጠራ ውሃ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ውሃ ያለ አይመስልም፣ አሳዎቹ አየር ላይ የተንጠለጠሉ ነው የሚመስሉት። ማደንዘዣ ጎኑን ዘንበል አርጎ ላይኛው ጥግ ላይ ቆሟል፣ ጆሮው ጋ ያለው መተንፈሻው ቀልቷል።

«ጠርቷል» አለ አባዬ፣ ደረቱን ነፋ አርጎ።

አሁን የሙያዬን ነገር አንዴ ልንገራችሁ፣ ካልነገርኳችሁ አይገባችሁም። አሳ፣ ይቅርታ አርጉልኝና፣ እዚያው በሚኖርበት ነው የሚጸዳዳው። ከዚያ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል፣ በዓይን አይታይም። ያንን መርዝ የሚበሉ ደቃቅ ባክቴሪያዎች አሉ። ቤታቸው ማጣሪያው ውስጥ ያለው ስፖንጅ ነው። ያ አባዬ ጭቃ ያለው ነገር ከተማ ነው! ስድስት ዓመት የፈጀ ከተማ። እኔ እንኳን ሳጥበው ከራሱ ከአኳሪየሙ በቀዳሁት ውሃ ጨመቅ ጨመቅ አርጌ ነው የምመልሰው። ድንጋዩ ላይም ይኖራሉ። አባዬ ድንጋዩን ፈትጎ፣ ከተማዋን በረኪና ውስጥ ዘፈዘፋት። ሥራውን ስለማያውቅ አይደለም እኮ፣ በጣም ስለሚያውቅ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ውሃ ውስጥ ያለ ነፍስ ሁሉ ጠላት ነው ብሎ የኖረ ሰው ነው።

ከቦርሳዬ ቲዩብ አወጣሁ፣ ውሃ ቀዳሁ፣ የመመርመሪያውን ጠብታ ጨመርኩ። ቢጫ ሆኖ ከቀረ ደህና ነው፣ አረንጓዴ ከሆነ አሞኒያ አለ ማለት ነው። የበሰለ ጎመን መሰለላችሁ።

«አባዬ…» ብዬ ስጀምር እህቴ ከሕክምና ክፍሏ ብቅ አለችና ክንዴን ይዛ ወደ ውስጥ ሳበችኝ። በሩን ዘጋችው። ወንበሩ ላይ አንድ ወፍራም ሰውዬ አፉን ከፍቶ፣ ጥጥ ጎርሶ ተኝቷል።

«እትዬ፣ ሰው አለ እኮ» አልኳት።

«ተወው፣ ደንዝዟል። ምን ልትለው ነበር?»

«እውነቱን ነዋ! ስፖንጁን በበረኪና…»

«ቀጣይ ነግራኛለች። ስማ፣ ዛሬ ጠዋት እያፏጨ ነው የተላጨው። አባዬ! ሲያፏጭ መጨረሻ የሰማኸው መቼ ነው?»

አላስታወስኩም።

«ቅዳሜ ከዚህ ወጥቶ ቤት ሲገባ ሸሚዙ ጭቃ በጭቃ ነበር። ‹ዛሬ ሥራ ነበረኝ› አለኝ። ሥራ ነበረኝ! አንተ አሁን ወጥተህ ገደልካቸው ብትለው፣ ተመልሶ አልጋው ጫፍ ላይ ነው የሚቀመጠው። ከዚያ ማን ያነሳዋል?»

«እና ማን ገደላቸው ልበል?»

«አልሞቱም እኮ!»

«ኧኧ ኧኧ» አለ ሰውዬው ወንበሩ ላይ ሆኖ፣ በጣቱ ወደ እህቴ እያመለከተ። ልክ ናት ማለቱ ነው።

«አየህ? ዝም በል። መጀመሪያ አሳዎቹን አድን።»

ወጣሁ። አባዬ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይጠብቀኛል፣ እንደ አዲስ ተቀጣሪ።

«አባዬ፣ አሞኒያ በጣም ጨምሯል» አልኩት። ይሄ ውሸት አይደለም። «በየቀኑ ከውሃው ሲሶውን እየቀየርን፣ ጠዋትና ማታ የሚለካ ሰው ያስፈልገኛል። እኔ ሌላም ቦታ አለብኝ። ታግዘኛለህ?»

አባዬ ቁመት ጨመረ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ቲዩቡን ከእጄ ወሰደው።

«አንተ እንዲህ ነው እንዴ የምታነበው? በአምፖል?»

«ምን አለበት?»

«ምን አለበት ይለኛል! ቀለም በአምፖል አይነበብም። መስኮቱን ከጀርባህ አርግ፣ ነጭ ወረቀት ከኋላው ያዝ፣ ቲዩቡን ወደ ዓይንህ አታስጠጋ።» ያዘና አሳየኝ። ከጎመንም የባሰ አረንጓዴ ሆኖ ተገኘ። ስድስት ዓመት ሙሉ ተሳስቼ ሳነብ ነው የኖርኩት!

«ጋሽ ክሎሪን፣ ለልጅዎ ማን ዲፕሎማ ሰጠው?» አለች ቀጣይ ከካርድ መስኮቷ።

«እሱን አትጠይቂኝ፣ እናቱን ነው የመሰለው» አላት። ሳቀ። እህቴ በሩን ከፈት አርጋ አየችኝ፣ ዘጋችው።

ምግብ ከለከልናቸው፣ አየር የሚነፋ ተጨማሪ ፓምፕ አስገባሁ፣ ውሃ በጎማ ስበን በባልዲ አወጣን። የሚገባውን ውሃ ሌሊቱን ለማሳደር ጊዜ ስላልነበረን ክሎሪን የሚያጠፋ ጠብታ ሰጠሁት። ጠርሙሱን አገላብጦ አነበበ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ።

«ሠላሳ አራት ዓመት ክሎሪን ስጨምር ኖሬ፣ አሁን ደግሞ ላስወጣው?»

«ምን ታረገዋለህ፣ ጡረታ ነው» አልኩት።

«ጓደኞቼ እንዳይሰሙ።»

ማክሰኞ ጠዋት ትንሿ ነጯ አሳ ሞተች። አባዬ ነው ያገኛት። እኔ ስደርስ በነጭ ወረቀት ጠቅልሎ ጉልበቱ ላይ ይዟታል። አዲስ ደብተር ገዝቶ ሰዓቱን፣ የውሃውን ሙቀት፣ የቲዩቡን ቀለም ሁሉ ጽፏል። የመጨረሻው መስመር ላይ፦ «አንድ ሞት»።

«ዘገየሁ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ቅዳሜ ሳይሆን ዓርብ ባጥበው ኖሮ ትተርፍ ነበር።»

እውነቱ አፌ ድረስ መጣ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ሰውዬው ባጠበው ነገር ሞታ፣ ቀድሜ ባጠብኩት ይላል! «አይ አባዬ፣ ዓርብም ብታጥበው አትተርፍም ነበር» ብዬ ወደ ባልዲዬ ዞርኩ።

ነገሩ እንዲሁ በውሃ መቀየር ብቻ እንደማይሆን ገብቶኛል። ቀን ቀንሰን የምናወጣውን አሞኒያ አሳዎቹ ሌሊት መልሰው ይሠሩታል፣ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው። ባክቴሪያ ያስፈልጋል። እዚያው መንገዱ ጫፍ ላይ ባለው መነጽር ቤት ውስጥ የምንከባከበው ሌላ አኳሪየም አለኝ። የሱን ማጣሪያ ከፍቼ ግማሹን ስፖንጅ በላስቲክ ይዤ መጣሁ። ቡናማ ነው፣ ይንጠባጠባል፣ ሽታው የረግረግ ነው። ክዳኑን ከፍቼ ልከተው ስል አባዬ በእኔና በአኳሪየሙ መሃል ገባ፣ እጁን ዘርግቶ፣ እንደ በረኛ።

«ምንድነው ይሄ?»

«ስፖንጅ ነው።»

«ይሄ ስፖንጅ አይደለም፣ ይሄ በሽታ ነው። በመቃብሬ ላይ ነው የምታስገባው!»

«አባዬ፣ እዚህ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ መርዙን ይበላዋል።»

«ጀርም ማለት ጀርም ነው! የሚበላ፣ የማይበላ የለውም። አንድ ጊዜ ሰፈር ሙሉ በውሃ ሲታመም አይቻለሁ እኔ። አንተ ያኔ ጡጦ ላይ ነበርክ።»

ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ጥርሱን ረስቶ እኛን ያያል። አንዲት ሴትዮ «ልክ ናቸው አባትህ፣ ልጄ፣ ይሸታል» አለችኝ። ቀጣይ «ቀጣይ!» ብላ ጮኸች፣ የሚነሳ የለም።

ከአባዬ ጋር በአፍ መከራከር ግድግዳ መግፋት ነው፣ በልጅነቴም አሸንፌው አላውቅም። ግን አንድ ነገር አውቃለሁ፤ ሰው ይክደዋል እንጂ ቲዩብ ክዶት አያውቅም።

«እሺ» አልኩት። «አታምነኝ። ለካው። ከዚሁ ከአኳሪየሙ ውሃ ሁለት የብርጭቆ ማሰሮ እንቅዳ። አንዱ ውስጥ አንተ ያጠብከው ነጩ ስፖንጅ ይግባ፣ አንዱ ውስጥ ይሄ የቆሸሸው። ሁለቱንም አየር እንንፋላቸው። ነገ በዚህ ሰዓት ራስህ አንብበው።»

ደብተሩን አወጣ። «ማሰሮዎቹ እኩል ናቸው?»

«እኩል ናቸው።»

«ስፖንጆቹም በልክ እኩል ይቆረጡ። ሙቀቱም አንድ ይሁን። ማሰሮዎቹን እኔ ነኝ የምጠብቃቸው፣ ማንም አይነካም።»

ሁለቱን የብርጭቆ ማሰሮ የቀጣይ ካርድ መስኮት ላይ ደረደራቸው፣ ሀ እና ለ ብሎ ወረቀት ለጠፈባቸው። አንድ ሽማግሌ «የማነው ሽንት?» ብሎ ቀጣይን ሲጠይቃት ሰምቼ በሳቅ ሞትኩ።

በማግስቱ እኔ ሌላ ሥራ ላይ ቆይቼ ሮጬ ስመጣ አባዬ ሁለቱን ቲዩብ ይዞ መስኮቱን ከጀርባው አርጎ ቆሟል። ቀና አላለም። እህቴም ጓንቷን እንዳደረገች ወጥታለች። ያጠበው ነጩ ስፖንጅ ያለበት፣ አረንጓዴ። የቆሸሸው ያለበት ቢጫ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ረዥም ጊዜ አየው። ከዚያ ሌላ ቲዩብ አውጥቶ ደገመው። ደግሞም አየው። ቁጭ አለ፣ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ጻፈ፣ ጽፎ ሲጨርስ ሳቅ ጀመረ። መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ከዚያ በትከሻው፣ ከዚያ ዓይኑ እንባ እስኪያወጣ።

«ሠላሳ አራት ዓመት!» አለ። «ሠላሳ አራት ዓመት ስጨፈጭፋቸው ኖሬ፣ ለካ ከነሱ ውስጥ ሠራተኛም አለ! ና፣ አስገባው። አስገባው ያንን ግማታም!»

አስገባሁት። አባዬ ራሱ በእጁ ጨመቀው፣ ያ ሁሉ ቡናማ ነገር እንደ ጭስ ውሃው ውስጥ ሲበተን፣ ፊቱን አጨማዶ ግን በደስታ ያያል። ያ የጠራው ውሃ ደፈረሰ። እኔ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፣ አለቀ ደቀቀ አልኩ።

እሱ ግን የላቦራቶሪ ሰው ነው፣ እዚያ ላይ አይቆምም። እጁን ታጥቦ፣ እያደረቀ፣ ቀና አለና ጠየቀኝ፦

«ቆይ ግን… የበፊቶቹስ?»

«የበፊቶቹ ምን?»

«ባክቴሪያዎቹ ናቸዋ። ስድስት ዓመት አሳዎቹ ደህና ነበሩ። ስለዚህ ነበሩ ማለት ነው። የት ሄዱ?»

በረኪናው ትዝ አላለውም። እህቴ ጓንቷን ታያለች። ቀጣይ ደግሞ ከመስኮቷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» አለችኝ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ። አባዬ እያየኝ ነው፣ ፊቱ ላይ ያ ሳቅ ገና አልጠፋም። ያንን ሳቅ እኔ ነኝ የማጠፋው? አልቻልኩም።

«መብራት ጠፍቶ ይሆናል» አልኩ። «ቅዳሜ ከሰዓት፣ ወይ እሑድ። ፓምፑ ሲቆም አየር ያጥራቸውና ያልቃሉ።» ይሄ እኮ እውነት ይሆናል፣ መብራት ሲጠፋ እንደዛ ነው የሚሆነው። ችግሩ መብራቱ አለመጥፋቱ ነው እንጂ።

«አሃ» አለና ደብተሩን ከፈተ። «ምክንያት፣ የመብራት መቋረጥ።» ከሥሩ አሰመረበት።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ቲዩቡ ቢጫ ሆነ። ንጹህ ቢጫ! ማደንዘዣ ወደ መስታወቱ ተመልሶ ሰው ማየት ጀመረ፣ ያ ወፍራም ሰውዬ ጥርሱን ሊያስሞላ ተመልሶ መጥቶ «እንኳን ማረህ» አለው። አባዬ አሁን ወንበሩ ላይ አይቀመጥም፣ ጊዜ የለውም። የመነጽር ቤቱን ውሃ እሱ ነው የሚለካልኝ፣ የአንድ ፋርማሲ አኳሪየምም ጨምሬለታለሁ። ጠዋት እያፏጨ ይወጣል። ማታ ራት ላይ ስለ ባክቴሪያ ያወራናል፣ «የኔ ሠራተኞች» እያለ፣ እህቴ «አባዬ፣ እየበላን ነው» እስክትለው። ቤታችን ውስጥ እንደዚህ ያለ ወሬ ከጠፋ ስንት ጊዜው ነበር!

እዚህ ላይ ቢያልቅ እንዴት ጥሩ ነበር።

ባለፈው ሐሙስ ከክሊኒኩ ስወጣ የሕንፃው ዘበኛ በሩ ላይ አስቆመኝ። ረጋ ያለ፣ አባዬን በዕድሜ የሚያህል ሰው ነው። ጥበቃውም የሱ ነው፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩን የሚያስነሳውም እሱ ነው። አባዬ ክሊኒክ መምጣት ከጀመረ ወዲህ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ በጠርሙስ ክዳን ዳማ ይጫወታሉ። ሲሰዳደቡ ከሩቅ ይሰማል፣ አባዬ ከጡረታ ወዲህ ያገኘው ጓደኛ ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

«የኔ ልጅ፣ አባትህን ምን በደልኳቸው?» አለኝ።

«ምነው ጋሼ?»

«ዳማ ካቆሙ ሳምንት አለፋቸው። ሰላምታዬንም በግንባር ነው የሚመልሱት። አንድ ቀን መጥተው ‹ቅዳሜ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩን ለምን አላስነሳህም?› አሉኝ። ኧረ ቅዳሜ መብራት አልጠፋም፣ እሑድም አልጠፋም አልኳቸው። በልጆቼ ምዬ። ‹ትዋሻለህ› ብለውኝ ሄዱ። እኔ እኮ… እንዲህ ያለ ሰው አይደለሁም።»

መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ።

እህቴ ጋ ተመልሼ ሮጥኩ። የዕለቱን በሽተኛ ጨርሳ መሣሪያዎቿን እያጠበች ነው። ነገርኳት።

«አንተ ነህ ዝም በል ያልሽኝ!» ስል ምላሴ ሁሉ ተሳሰረብኝ። «አንቺ ነሽ ማለቴ ነው!»

«ዝም በል አልኩህ» አለች፣ እንደ ሐኪም ረጋ ብላ። «ዋሽ አልኩህ? ዝምታና ውሸት አንድ ነው?»

«እሺ አሁን ምን ላርግ?»

«እሱን እኔ አላውቅም። ብትነግረው ይሰበራል። ባትነግረው ሰውዬው በከንቱ ይቀየማል። እኔ ጥርስ ነው የማውቀው፣ የበሰበሰ ሲሆን ይነቀላል። ግን አባዬ ነው፣ እጄ አይታዘዘኝም።»

ልነግረው ሦስት ጊዜ ሞክሬያለሁ። አንዴ ባልዲ ስንሸከም። «አባዬ፣ ያ መብራት ያልኩህ…» ስል «ተወው ልጄ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ራሱ መጥቶ ያምናል» አለኝ፣ ስለ ዘበኛው መስሎት። አንዴ መነጽር ቤት። ያኔ ደግሞ «መብራቱ አይደለም ያናደደኝ» አለ። «ሰው ይሳሳታል። እኔም ተሳስቼ አውቃለሁ፣ አንድ ጊዜ ክሎሪኑን እጥፍ ጨምሬ ሰፈሩ ሁሉ ሲያስነጥስ ውሏል፣ ያንኑ ቀን ሄጄ ለአለቃዬ ነገርኩ። የተሳሳተ ሰው ይታረማል። ዓይንህን እያየ የሚዋሽህን ሰው ግን ምን ታረገዋለህ?» ዓይኔን እያየ ነው ይሄን ያለኝ። በሦስተኛውማ አፌንም አልከፈትኩ።

ዛሬ እሑድ ነው፣ ከሰዓት በኋላ። እህቴ ጎን ክፍል ውስጥ ልብስ እየተኮሰች ነው፣ የካውያው ጭስ ይሸተኛል። አባዬ የታጠበ ሸሚዝ ለብሶ፣ ደብተሩን ይዞ፣ ኮምፒውተሬ ጎን ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«እስቲ ጻፍልኝ፣ የኔ የእጅ ጽሑፍ ለእንዲህ ያለ ነገር አይሆንም። ለሕንፃው አስተዳዳሪ ነው። ነገ ጠዋት እሰጠዋለሁ።»

«ምንድነው አባዬ?»

«ጻፍ። ጉዳዩ፦ በሥራ ቸልተኝነትና ሐሰት በመናገር ስለደረሰ ጥፋት።» ጉሮሮውን ጠረገ። በደስታ ነው የሚያስጽፈኝ፣ ከስምንት ወር በኋላ ቢሮው እንደተመለሰለት ሰው። «አንድ፦ በተጠቀሰው ቅዳሜ መብራት በመቋረጡና ኃላፊነቱ የተሰጠው ጥበቃ ጄኔሬተሩን ባለማስነሳቱ፣ የአንድ አሳ ሕይወት አልፏል። ሁለት፦ ግለሰቡ ሲጠየቅ ክዷል። ግልባጭ ለጥበቃ ኃላፊው። ልጄ ምስክር ነው። ያንተን ስም እዚህ ጋ አስገባው፣ ባለሙያው አንተ ነህ።»

እኔ ጉዳዩ የሚለውን ብቻ ነው የጻፍኩት። ጣቴ ፊደሉ ላይ ቆሟል። በጎን ክፍል የካውያው ድምፅም ቆመ፣ እህቴ እየሰማች ነው። አባዬ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ይጠብቀኛል፣ ከልቡ ደስ ብሎት።

«ጻፍ እንጂ» አለኝ። «ምን ትጠብቃለህ?»

እስቲ ንገሩኝ፣ እናንተ እዚህ ወንበር ላይ ብትሆኑ ምን ታረጉ ነበር?